ፖምፓው ከመከፈቱ በፊት፦ የድሮ ናፍጣ ሞተርን መለየትና ጉልበቱን መመለስ

ከቃሊቲ እስከ ገላን መንገድ ዳር በተደረደሩት ጋራዦች በየቀኑ የሚነሳ አንድ ስሞታ አለ፦ «መኪናው ዳገት አልወጣ አለ።» መልሱም ዝግጁ ነው፦ «ጋሼ፣ ፖምፓውን ትንሽ ከፈት ላድርግልዎት።» ናፍጣውን ወደ ሞተሩ በሚገፋው ፖምፓ ላይ ቁልፍ ይገባል፣ የናፍጣውን መጠን የምትወስነው ብሎን ግማሽ ዙር ትዞራለች፣ መኪናው ጥቁር ጭስ እየተፋ ከግቢ ይወጣል። ሾፌሩም ለአንድ ሳምንት ደስ ይለዋል። እዚህ ከፍታ ላይ ግን የድሮ ናፍጣ ሞተር የሚጎድለው አየር ነው። አየሩ ሳይሞላ ናፍጣ ማብዛት ገንዘብን በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) በኩል ወደ ሰማይ መልቀቅ ነው፤ ጉዳዩ ሲከፋም ፒስቶን ያስበላል። ይህን በቁጥር ለማሳየት እሞክራለሁ። መጀመሪያ ግን እጃችን ላይ ያለው ሞተር ምን እንደሆነ ማወቅ አለብን፤ ይህ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቀላል አይደለም።

መካኒካል ሞተር የምንለው ናፍጣን የመለካትና የመርጨት ሥራ ያለ ኮምፒውተር፣ በብረት ብቻ የሚከናወንበትን ነው። በፖምፓው ውስጥ ያለው ዘንግ ሲዞር ትንንሽ ፒስቶኖችን ወደ ላይ ይገፋል፤ እነሱም ናፍጣውን ጨቁነው በቀጭን ቧንቧ ወደ ኖዝሉ ይልካሉ፤ ኖዝሉ ደግሞ ግፊቱ ሲበቃው ራሱን ከፍቶ ይረጫል። ምን ያህል ናፍጣ እንደሚሄድ የሚወስኑት የነዳጅ ፔዳሉና በፖምፓው ጀርባ ያለው ገቨርነር (የዙር መቆጣጠሪያው) ናቸው። ልብ በሉ፦ በዚህ ሁሉ ውስጥ፣ ኋላ ከምናያት አንዲት ክፍል በቀር፣ የአየሩን መጠን የሚጠይቅ አካል የለም። በኖዝሎቹ ራስ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለና ከፖምፓው የሚወጣው ናፍጣ መጀመሪያ አንድ ወፍራም የጋራ ቧንቧ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ሞተሩ ኮመን ሬል ነው፤ የእሱ ነገር ሌላ ስለሆነ እዚህ አናነሳውም።

እነዚህ ሞተሮች እስከ ዛሬ ያልጠፉበት ምክንያት ግልጽ ነው። የተማረውም ያልተማረውም መካኒክ ያውቃቸዋል፤ ፋሻና ካሚሻቸው (የፒስቶኑ ቀለበትና የሲሊንደሩ ሸሚዝ) ይገኛል፤ ኮሎው (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ቢጫርም ቶርኖ ቤት ተሞርዶ ይመለሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደግሞ ያገለገለ ተሽከርካሪ ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ ስላደረገ፣ አሮጌ መኪና ከውጭ ማምጣት እንደ ድሮው አያዋጣም። እጅ ላይ ያለውን ማዳን ይሻላል።

አሁን ወደ መለየቱ። የመጀመሪያው ሕግ ጋቢናውን አለማመን ነው። በሠላሳና በአርባ ዓመት ዕድሜው አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። በሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ መኪናው አንድ ወቅት ምን እንደነበረ እንጂ ዛሬ ውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም። እውነቱ ያለው ብሎኩ ጎን ላይ ለስልሶ በተፈጨ ቦታ የተመታው ቁጥር ላይ ነው። ቅባቱን በናፍጣ አጥቦ፣ በሽቦ ብሩሽ አሽቶ፣ በባትሪ ብርሃን ከጎን እያበሩ ማንበብ ነው። ያንን ከሊብሬው ጋር አስተያዩት። ካልተመሳሰለ አንድ ሳንቲም ከማውጣታችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ።

የሞተሩ ስም ራሱ ብዙ ይናገራል። በአይሱዙ የመጀመሪያው አኃዝ የሲሊንደር ብዛት ነው፤ ቀጥሎ ያሉት ፊደላት ቤተሰቡን ያመለክታሉ፣ የመጨረሻው አኃዝ ደግሞ ስሪቱን። 4ቢዲ1 ባለ 4 ሲሊንደር፣ 3.9 ሊትር ነው። 4ኤችኤፍ1 4.3 ሊትር፣ 4ኤችጂ1 ደግሞ 4.6 ሊትር ነው። ኤንፒአር የሚባለውን የአይሱዙ ጭነት መኪና ገዝቶ ሞተር ያወረደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ነው። ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ የፒስቶን ጉዟቸውም እኩል 110 ሚሊ ሜትር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት ግን በ4ኤችኤፍ1 112፣ በ4ኤችጂ1 115 ሚሊ ሜትር ነው። በስም «የኤንፒአር ፒስቶን» ብሎ ከመርካቶ መግዛት ሦስት ሚሊ ሜትር ያጣላል። ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንስቶ መሄድ ነው የሚያዋጣው።

የመርሰዲስ የድሮ መኪናዎች ስም ደግሞ ራሱ መዝገብ ነው። 1113 ማለት ጠቅላላ ክብደቱ 11 ቶን ገደማ፣ ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ ነው፤ 1924 ባለ 19 ቶንና 240 ፈረስ፣ 2624 ባለ 26 ቶንና 240 ፈረስ። በ1113 ውስጥ የምናገኘው ኦኤም352 ሲሆን ባለ 6 ሲሊንደር፣ 5.7 ሊትር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1964 ጀምሮ የተሠራ ነው። ከመጨረሻው «ኤ» የሚል ፊደል ከተከተለ ከፋብሪካው ተርቦ (አየርን ጨቁኖ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ይዞ የወጣ ነው። ይቺ አንዲት ፊደል ወደፊት ብዙ ዋጋ አላት።

ፊያት 682 ኤንትሬን የማያውቅ የድሮ ሾፌር የለም። የ682 ቤተሰብ በ1952 እ.ኤ.አ. የጀመረ ነው፤ ኤንትሬው ባለ 6 ሲሊንደር 10.7 ሊትር ሞተሩን ይዞ፣ መሪው በቀኝ ሆኖ፣ የአገሩን ዳገት ሁሉ ያወቀ መኪና ነው። የፊያትና የኢቬኮ መኪና መገጣጠሚያ የሆነው አምቼም እዚሁ ከተማ ስለተቋቋመ በፊያት እጃቸውን የፈቱ መካኒኮች አልጠፉም። በመጨረሻ የመጣው ሲኖ ነው፤ በመንገድ ላይ ባደረሰው አደጋ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም የወጣለት። ሞተሩ ደብልዩዲ615 ይባላል፤ ሥሩ ኦስትሪያዊው ሽታየር ነው፤ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 9.7 ሊትር። በጋቢናው ላይ ያለው 336 ወይም 371 የፈረስ ጉልበቱ ነው። ሲኖ ሁሉ ግን መካኒካል አይደለም፤ አዳዲሶቹ ኮመን ሬል ናቸውና ሽቦውን አይታችሁ ለዩ።

ከሞተሩ ቁጥር ቀጥሎ ሰው የሚረሳው የፖምፓው ሰሌዳ ነው። ለእኔ ከሞተሩ ቁጥር ባልተናነሰ የሚያወራ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ፖምፓም እንደ ሞተር ይቀያየራል። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ረጅም ሆኖ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ትንሽ ፒስቶን ያለው፣ ቧንቧዎቹ በሰልፍ የሚወጡበት ነው። ሁለተኛው አጭርና ክብ ሆኖ አንድ ፒስቶን ብቻ ያለውና ናፍጣውን በዙር የሚያከፋፍለው ነው። ሰሌዳው ላይ «ፒኢኤስ6ኤ95» የሚል ካነበባችሁ፦ ባለ ሰልፍ ፖምፓ፣ 6 ሲሊንደር፣ መጠኑ «ኤ» የሚባለው፣ የውስጡ ፒስቶን ስፋት 9.5 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። «ፒ120» ከሆነ ትልቁ አካልና 12 ሚሊ ሜትር ነው። ክቡ ፖምፓ ላይ «ቪኢ4/12ኤፍ1900» ካለ 4 ሲሊንደር፣ 12 ሚሊ ሜትር ፒስቶን፣ የፖምፓው ዙር በደቂቃ 1,900። ፖምፓ የሚዞረው በሞተሩ ግማሽ ፍጥነት ስለሆነ ሞተሩ እስከ 3,800 ዙር የሚሄድ ነው። ይህ የቦሽ አጻጻፍ ነው፤ ዲዝል ኪኪ (በኋላ ዜክሴል የተባለው) በቦሽ ፈቃድ ስለሚያመርት በጃፓን መኪናዎችም ላይ ተመሳሳዩን ታገኛላችሁ። እንግዲህ 3,200 ዙር በሚሄድ ሞተር ላይ የ1,900 ፖምፓ ተገጥሞ ብታዩ፣ «ይህ መኪና ለምን ይንጫጫል» የሚለው ጥያቄ ያኔውኑ ይመለሳል።

ሰሌዳው ተነቅሎ ከሆነም አትደነቁ። የእርሳስ ማኅተሙና የሽቦው መቆለፊያ ተበጥሶ ከሆነ ግን አንድ ነገር በእርግጠኝነት ታውቃላችሁ፦ ፋብሪካው የለካው ልክ አሁን የለም። ከእንግዲህ መነሻው ፖምፓ ቤት ወስዶ በማሽን ማስለካት ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,100 ሜትር ገደማ ተነስታ ወደ ሱሉልታ አቅጣጫ ከ2,500 ሜትር በላይ ትወጣለች። በ2,300 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.5 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ጭስ እንዳይወጣው ደግሞ ወደ 20 ኪሎ ቢያገኝ ይመረጣል። የ1113ን ሞተር እንያዝ። 5.7 ሊትር ሞተር በ2,800 ዙር ሲሠራ ጅቡቲ ወደብ ላይ በደቂቃ 8 ኪሎ ያህል አየር ይስባል። ይኸው ሞተር፣ በዚሁ ዙር፣ ቃሊቲ ላይ የሚያገኘው 6 ኪሎ ቢሆን ነው። ፖምፓው ግን የአየሩን ማነስ አያውቅም፤ እዚያም እዚህም እኩል ናፍጣ ይልካል። ስለዚህ ጀርመን ወይም ጃፓን የተቀመጠው ልክ ራሱ፣ ማንም እጁን ሳይነካው፣ እዚህ ብዙ ነው። 130 ፈረስ የነበረው 100 ገደማ ይቀርለታል፤ የተረፈው ናፍጣ ጥላሸት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ብሎኗን መክፈት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ቀድሞ ለበዛው ናፍጣ ሌላ ይጨመርለታል። ትንሽ ጉልበት ይገኛል፤ ይህን አልክድም፤ ካለው አየር ውስጥ የመጨረሻዋ ኦክስጅን ትቃጠላለችና። ግን የሚወጣው ጋዝ ሙቀት ይንራል፣ ቫልቮላው ይቃጠላል፣ ጥላሸቱ ዘይቱን ያጠቁረዋል። የፒስቶን አልሙኒየም 600 ዲግሪ ሳይደርስ መቅለጥ የሚጀምር ብረት ነው። አዲስ አበባ ላይ ተርቦ የሌለው ሞተር ቢኖረኝ ፖምፓ ቤቱን የምጠይቀው ናፍጣውን በመጠኑ ቀነስ እንዲያደርግልኝ ነው። ሰው ይስቃል። የነዳጅ ወጪው ሲወርድ ግን ሳቁ ይቀንሳል።

በዚሁ ከፍታ ምክንያት በከንቱ የሚወርዱ ሞተሮች ስላሉ አንድ ነገር ላንሳ። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ሲለካ መካኒኩ መጽሐፉን ያያል፤ መጽሐፉ ለምሳሌ 28 ባር ይላል፤ ጌጁ 21 ያሳያል። «ሞተሩ አልቋል፣ ፋሻና ካሚሻ ይግዙ» ይባላል። ሞተሩ ግን የሳበው አየር ሲነሳም ሩብ ያነሰ ነበር፤ ሲጨመቅም ሩብ አንሶ መነበቡ ትክክል ነው። እዚህ አገር የሚታመነው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱም ወይም ስድስቱም ከተቀራረቡ ደህና ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ እዚያ ችግር አለ። በተጨማሪም ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ እዩ። እንፋሎቱ በግፊት ክዳኑን የሚገፋ ከሆነ ፋሻው ደክሟል። ክዳኑ ተገልብጦ ላዩ ላይ ቢቀመጥ የማይዘል ከሆነ ሞተሩ ገና ሥራ ይችላል።

ስለ ማሻሻል ስናወራ በቅደም ተከተል የመጀመሪያው ሥራ ሞተሩን ወደ ነበረበት መመለስ ነው። አሰልቺ ነው፤ ግን ግማሹ ጉልበት የሚገኘው እዚህ ነው። ኖዝሎቹ በሚከፈቱበት ግፊት ተለክተው ይስተካከሉ፤ የቫልቮላ ክፍተት ይለካ፤ የፖምፓው ታይሚንግ (ናፍጣው የሚረጭበት ቅጽበት) በቮላኖው፣ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ ክብ ብረት፣ ምልክት ይታይ፤ የናፍጣ ፊልትሮና የታጠፈ ቱቦ ይቀየር። ማርሚታው ውስጡ ተደርምሶ ከሆነ ይታደስ። የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ መጣል ግን በምንም አይመከርም። በአቃቂና በገላን ድንጋይ ማውጫ መንገድ የሚሠራ ገልባጭ ያለ ፊልትሮ ቢነዳ፣ አቧራው ከሞተሩ ውስጥ ካሚሻውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ጉልበት ካነሰ ያኔ ተርቦ ይታሰባል። የቁጥሩን ውበት እዩ። ባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ከ76 በመቶ ተነስቶ እዚያው ለመድረስ የሚያስፈልገው ከ0.25 እስከ 0.35 ባር ግፊት ብቻ ነው። ይህ ለተርቦ ኢምንት ነው። በዚህ መጠን የተገጠመ ተርቦ፣ ናፍጣው ከፋብሪካው ልክ ሳያልፍ፣ ሞተሩን የተነደፈበት ቦታ ላይ ይመልሰዋል፤ ጭሱ ይጠፋል፣ የሚወጣው ጋዝ ይቀዘቅዛል፣ ቢየላና ብሮንዚናውም (የፒስቶኑ ክንድና መሸከሚያው) ከሚችለው በላይ አይጫንም። ከፍታን የሚያካክስ ተርቦ ማለት ይህ ነው። ሁለት እጥፍ ጉልበት የሚፈልግ ሰው ግን ሌላ ሞተር ይፈልግ። ከፋብሪካ በተርቦ የወጡት ስሪቶች አብዛኛውን ጊዜ የተለየ ፒስቶን፣ ከሥር ዘይት እየረጨ የሚያቀዘቅዘው ቀዳዳና ተለቅ ያለ የዘይት ማቀዝቀዣ ይዘው ይወጣሉ። ያቺ የ«ኤ» ፊደል ዋጋዋ እዚህ ላይ ነው፤ ተርቦ የሌለውን ወንድሟን እንደ እሷ አታስጨንቁት።

ሲገጠም የሚበላሸው ብዙ ጊዜ የዘይቱ መመለሻ ነው። ከተርቦው የሚወጣው ዘይት በራሱ ክብደት ወርዶ ወደ ካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) መግባት አለበት፤ ቱቦው ወፍራምና ወደ ላይ የትም የማይታጠፍ ይሁን። ከዳገት እንደወጡ ሞተር ማጥፋትም ይቅር፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ) ሠርቶ ተርቦው ይብረድ። ወደ ጅቡቲ ለሚወርድ መኪና አንድ ተጨማሪ ነገር፦ አዲስ አበባ ላይ ልክ የነበረው ግፊት እዚያ ከባሕር ጠለል አየር በላይ ይደረባል። ናፍጣው ካልተነካ ሙቀቱ አያሰጋም፤ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ግን ሸክሙን ይቀበላልና ቴስታታው ቀጥ ያለ፣ ብሎኖቹም በልካቸው የጠበቁ ይሁኑ። ከፋብሪካ ባለተርቦ ለሆነው ደግሞ ተቃራኒው ያሰጋል፦ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦው ራሱ ይበልጥ ይፈጥናል፤ በዚያ ላይ ፖምፓ ከተከፈተ ከሚችለው ዙር አልፎ ይሰበራል።

በባለተርቦ ሞተሮች ፖምፓ ላይ አንድ የተሸፈነ ክብ ሳህን ታያላችሁ፤ ከአየር መግቢያው ቀጭን ቱቦ ይገባበታል። ውስጡ ያለው የጎማ ሽፋን ተርቦው እስኪነፋ ድረስ ናፍጣውን ይይዛል። በመካኒካል ፖምፓ ላይ የአየሩን ነገር የሚጠይቅ ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ እሱ ብቻ ነው። መኪናው ድንገት ጉልበት ካጣ ያንን ቱቦና ጎማ ቀድማችሁ እዩ፤ ተቀዶ ይሆናል። ብዙዎች ግን እሱን ትተው ብሎኗን ያዞራሉ።

ናፍጣ መጨመር ካስፈለገ በዓይን አይሆንም። ከተርቦው በፊት ማርሚታው ላይ የሙቀት መለኪያ ይተከል፤ ዳገት ላይ ለረጅም ጊዜ ከ700 ዲግሪ እንዳያልፍ። ብሎኗን ከመንካት በፊት ቦታዋ በምልክት ይያዝ፤ ሩብ ዙርም ብዙ ነው።

ማቀዝቀዣው ላይም ከፍታው ይመጣል። በእኛ ከፍታ ክፍት ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ላይ ነው። ጎማው ያለቀ የራዲያተር ክዳን በጨርቅ ታስሮ የሚሄድ መኪና ሞተሩ ገና መደበኛ ሙቀቱን ሳያልፍ ይፈላል ማለት ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ያንን ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ዋጋው ደግሞ ከምሳ ብዙ አይበልጥም። ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም የተለመደ መድኃኒት ነው፤ ሞተሩ ግን ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ካሚሻው ቶሎ ያልቃል።

ሞተሩን ሙሉ በሙሉ መቀየር ከሁሉም ሊሻል ይችላል፤ በተለይ ኦኤም352ን በኦኤም366፣ ወይም 4ኤችኤፍ1ን በ4ኤችጂ1። ያኔ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ መስተካከል አለበት፤ ያለዚያ በዓመታዊ ምርመራና በሽያጭ ጊዜ መኪናው ይታሰራል። የአዲሱ ሞተር ዙርም ከካምቢዮውና ከዲፈረንሻሉ ጋር መስማማት አለበት። አንዳንድ ጊዜ የዲፈረንሻሉን ልክ መቀየር ብቻውን ከተርቦ ያነሰ ዋጋ አስወጥቶ ዳገቱን ይፈታል።

ዳገት የወጣ መኪና መውረዱ አይቀርም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ይህን አይረሳም። ሞተሩ ሲጠነክር ጭነቱም ይጨመራል፤ ፍሬኑ ግን ያው የ1113 ፍሬን ነው። ስለዚህ ተርቦ በሚገጠምበት ቀን የፍሬን ሸራው፣ ታምቡሩ፣ የአየር ታንኩና የማርሚታ ፍሬኑ (የጭስ ማውጫውን ዘግቶ መኪናውን የሚይዘው) አብረው ይፈተሹ። የማርሚታ ፍሬኑ ክዳን ከተርቦው በኋላ እንጂ በፊት እንዳይገጠም፤ መካኒኩም ይህን አስቀድሞ ይወቅ።